የአራተኛው ልጅ ልክ

ታዴዬ፣

ከተለየኸን አንድ ሙሉ ክረምት አለፈ። ስንቀብርህ ዝናቡ ገና መጀመሩ ነበር፤ ለቀስተኛው እግሩን ከጭቃ እያላቀቀ ነው የሸኘህ። ዛሬ ሰማዩ ጠርቷል፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ገብተዋል፤ ቤቱ ጭር ብሏል። እኔም ከምሕረት ደብተር ጥቂት ገጽ ለምኜ ይህን እጽፍልሃለሁ። ተቆጥቼህ ነበር። ሬሳህን ከጉድጓድ አውጥቼ ልጠይቅህ እስኪያምረኝ ድረስ ተቆጥቼህ ነበር። ለምን እንደሆነ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ መቼም አሁን የምትቸኩልበት ቦታ የለህም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። የጓሮው አቮካዶ አንዱ ቅርንጫፉ በነሐሴው ነፋስ ተገንጥሎ የማድቤቱን ቆርቆሮ አጎበጠው። የመፍቻ ሣጥንህ አልጋው ሥር እንዳለ ነው፤ ዮናስ አልፎ አልፎ ከፍቶ ያሸተዋል፤ ያላየሁት ይመስለዋል። ራዲዮህን የቀበሌው ሊቀመንበር ለስብሰባ ብለው ተውሰው ወሰዱት። ስብሰባው ካለቀ ቆየ፤ ራዲዮው ግን እስካሁን ስብሰባ ላይ ነው። የትኛውን ጣቢያ እንደሚሰሙበት ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። የጴንጤ መዝሙር ያሳስራልና አሁንም በሹክሹክታ ነው የምንዘምረው። ከአጥሩ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ደግሞ ልክ እኛ ስንጀምር ነው ዶሮዋ የሚጠፋባት፤ አጥር አጥሩን እየተከተለች ኩቱ ኩቱ ትላለች። ያቺ ዶሮ እንዲህ መንፈሳዊ ናት ብዬ አላምንም።

ታውቀኛለህ፤ እኔ "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጊዜውም ይህን አባባል የሚያስረሳ አልሆነም። አንተ በዚህ ጠባዬ ትስቅብኝ ነበር። የጨው ዕቃ ከቦታው ፈቀቅ ካለ ምርመራ ትከፍታለች እያልክ ለእንግዳ ታወራብኝ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ሁሉንም ስጠረጥር አንተን ጠርጥሬህ አላውቅም ነበር። እስከዚህ ጳጉሜ ድረስ።

ጳጉሜ ያንተ ነበር። እኔ ብርድ ልብሱን ለገዳራ ወንዝ ወስጄ አጥባለሁ፣ ደብተር በጋዜጣ እለብጣለሁ፣ ከዱቄት ከረጢት የደብተር መያዣ እሰፋለሁ፤ ልጆቹን ግን የምታዘጋጃቸው አንተ ነህ። አቮካዶው ሥር በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ፀጉራቸውን ስትቆርጥ ማባዛት ትጠይቃለህ። የተሳሳተ ሰው ግማሽ ራሱ ተከርክሞ ግማሹ እንደ ጎፈረ ይቆያል። ዮናስ ሰባት ጊዜ ስምንት ጠፍቶት ከጠዋት እስከ ምሳ በግማሽ ጎፈሬ የዋለበትን ቀን ትዝ ይልሃል? ሰፈሩ ሁሉ እየመጣ ሲያየው፣ አንተ መቀሱን ኪስህ ከተህ ደፉ ላይ ቁጭ ብለህ ጠበቅኸው እንጂ አልራራህለትም። ሃምሳ ስድስት! እያለ ከጓሮ ሲሮጥ የመጣውን ሳስብ አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ።

የሩፋኤል ዝናብ ሲመጣም ጴንጤ ነን ብለህ አትከለክላቸውም፤ ዝናብ የማንም ሃይማኖት አይደለም ብለህ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ትለቃቸዋለህ። ዘንድሮም ታጠቡ። ፀጉራቸውን ግን እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ትንሿ ቃልኪዳን በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ቀልሳ ትንሽ ከጠበቀች በኋላ፣ እማዬ አትጠይቂኝም እንዴ? አለችኝ። ማባዛቱን ማለቷ ነው። መቀሱን አስቀምጬ ጓዳ ገባሁና አለቀስኩ።

በማግስቱ ሦስቱንም ይዤ ዩኒፎርም ላሰፋ ወደ ከድር ሄድኩ። ያው በወንድሙ ጨርቅ መሸጫ በረንዳ ላይ ሲንጀሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ አንተ ከመርፌው ምላሱ ይፈጥናል የምትለው ከድር። ልጆቹን ለክቶ ሲጨርስ ጠመኔውን ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ የአራተኛውስ ገመድ? ዘንድሮ አላመጣችሁም እንዴ እትዬ? አለኝ።

የገጠር ልጅ በዚህ ጭቃ ለልኬት ብሎ ዲላ ድረስ እንደማይጎተት አውቃለሁ። ወላጁ በእንሰት ቃጫ ይለካዋል፤ አንዱን ቋጠሮ ለትከሻ፣ አንዱን ለክንድ፣ አንዱን ለወገብ፣ አንዱን ለእግር ቋጥሮ ገበያ በሚወጣ ሰው እጅ ይልካል። የከድር ግድግዳ ክረምቱን በሙሉ እንዲህ ዓይነት ገመድ እንደ ቋንጣ ተሰቅሎበት ነው የሚከርመው። እኛ ግን የከተማ ሰዎች ነን። የእኛ ልጆች በእግራቸው መጥተው ነው የሚለኩት።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከድርን ነው። ወጣት ለውትድርና የሚታፈስበት ጊዜ ነው፤ ማን ቤት ማን ተደብቋል የሚል ወሬ ተፈላጊ ነው። ይህ ሰውዬ ቀበሌ ልኮት ፊቴን ሊያነብ ይሆናል ብዬ ድንጋይ ሆንኩ። ልጆቻችን ሦስት ናቸው፣ ቀበሌም ያውቃል አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የሚሰማ ካለ እንዲሰማ። ከድር ግራ ተጋብቶ አየኝና ተነስቶ ከግድግዳው ገመዶች አወረደ። አጭር፣ ከዚያ ረዘም ያለ፣ ከዚያ ደግሞ ረዘም ያለ፤ የአንድ ልጅ ዕድገት። በእያንዳንዱ ጫፍ ዘይት የጠጣ ሰማያዊ ብጣሽ ጨርቅ ታስሯል። ጨርቁን አወቅሁት። በየሳምንቱ በሳሙና ስታገለው የኖርኩት የሥራ ቱታህ ነው።

በየዓመቱ ጋሽ ታደለ ናቸው የሚያመጡት፤ ወንድ ልጅ ነው፤ ቁምጣና ሸሚዝ ነው የምሰፋለት አለኝ። ከዚያ ፊቴን አየና ዝም አለ። ያ ምላስ ዝም ሲል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አላህ ያጥናሽ እትዬ አለኝና መቀሱን ሲፈልግ ቆየ፤ መቀሱ ደግሞ እጁ ላይ ነበር።

የመጨረሻውን ገመድ ይዤ ቤት ገባሁ። ምሕረትን ጀርባዋን አዙሬ ለካሁባት። የአምናው ገመድ ከዘንድሮዋ ምሕረት በአራት ጣት ይበልጣል። እንግዲህ ይህ ልጅ የእኛን ትልቋን ልጅ ይበልጣታል። ከእሷ በፊት! የእንሶስላዬ ቀለም ከእጄ ሳይለቅ! ታዴ፣ ያን ሰዓት ብትኖር ኖሮ እኔ ነበርኩ የምገድልህ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሰው ሁሉ ያውቃል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው ብዬ አሰብኩ። ያለፈውን ሁሉ እንደ አሮጌ ፍራሽ ፈትቼ አራገፍኩት። በየነሐሴው እናትህ አገር ዱመርሶ ወርደህ የቡና መፈልፈያውን ማሽን ትፈታለህ፣ በጳጉሜ መጨረሻ ተመልሰህ ትገጥማለህ፤ ቀይ ቡና ሳይደርስ መጠገን አለበት ትለኝ ነበር። ባንኮ ጎቲቲ በሚባለው አገርም ማሽን አለ። ከባንኮ ጎቲቲ ስትመለስ እያፏጨህ ትገባለህ። ከዱመርሶ ስትመለስ ግን እጅህን ረጅም ጊዜ ትታጠባለህ፣ ራት ትተዋለህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትተኛለህ። ያኔ ድካም ነው ብዬ ወገብህን አሽልህ ነበር። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ! አልኩ አሁን።

ከዚያም ሎኮን አስታወስኩ። የእናትህ የዱመርሶ ጎረቤት ሎኮ፤ በዚያ በመጀመሪያው ዓመት እናትህ ቤት ታምሜ ስተኛ ያስታመመችኝ፤ ኋላ ባሏ የሞተባት፣ ሳቂታዋ ሎኮ። በለቅሶህ ቀን ከእኔ ቀጥሎ መሬት ላይ የወደቀችው እሷ ናት። ያኔ ደግ ሴት ናት ብዬ አለፍኩ። አሁን ግን ምን አግብቷት? አልኩ።

ይሁንና ወዲያው አልሄድኩም። ፈራሁ መሰለኝ። ልጁ ዲላ ሊሆን ይችላል እያልኩ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ፣ ገመዱንም በመቀነቴ ሸጉጬ ስዞር ሰነበትኩ። ትምህርት ቤት ለምዝገባ ስንሰለፍ እኔ የማየው የወንዶቹን ትከሻ ነበር። ለገዳራ ብርድ ልብስ ሳጥብ ደግሞ ቁመቱ የሚጠጋ አንድ ልጅ ሲዋኝ አየሁና ድንጋይ ላይ ያሰጣትን ሸሚዙን አንስቼ ለካኋት። ለካ እናቱ ከኋላዬ ቆማለች። የልጄን ልብስ በገመድ የምትለኪው ለምን መተት ነው? ብላ ወንዙን በጩኸት ሞላችው። ሸሚዟን ነጥቃኝ ልጇን እርጥቡን እየጎተተች ሄደች። አልፈረድኩባትም፤ እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ትምህርት ሊከፈት ትንሽ ሲቀረው ልጆቹን ለእህቴ ትቼ የይርጋጨፌ መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ከእናትህ ቀብር ወዲህ ዱመርሶን አልረገጥኩም ነበር፤ ለቀብሩም ቢሆን አንገቴን ደፍቼ ገብቼ አንገቴን ደፍቼ ነው የወጣሁት። ለምን እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። በመንገድ ለሎኮ የምናገረውን አጠናሁ። ልጁ የማን እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ ስትዋሽ ገመዱን አወጣለሁ፤ ስታለቅስ አላዝንላትም።

ካፊያው አልቆመም ነበር። ሎኮ ከእንሰቱ መሀል ብቅ ብላ ስታየኝ ሁለት እጇን ዘርግታ መጣች። እኔ ሰላምታዋን ሳልቀበል ገመዱን አውጥቼ ፊቷ ላይ ዘረጋሁት። ከንግግሬ አንድ ቃል አልወጣኝም። እሷ ዞር ብላ ዳንኤል! ብላ ተጣራች። የእንሰት ቅጠል በራሱ ላይ የደፋ ረዘም ያለ ልጅ ከጓሮ መጣ። ገመዱን ሲያይ ቅጠሉን አስቀመጠ፤ ማንም ሳይነግረው ጀርባውን አዞረልኝ፣ እጆቹን ዘርግቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ለምዶታል።

ትከሻውን ይዤ አዞርኩትና ፊቱን መረመርኩ። አፍንጫህን ፈለግሁ። ጆሮህን፣ ያንን ሰፊ ግንባርህን ፈለግሁ። የለም። ልጁ ቁርጥ የሎኮን ባል ነው፤ በቅንድቡ መሀል ያለችው ምልክት እንኳ የዚያ ሰው ናት። ያን ጊዜ እርጥቡ ግንድ ላይ ቁጭ አልኩ።

ሎኮ አጠገቤ ተቀመጠች። አማርኛዋን ታውቀዋለህ፤ አንዳንዴ ወንዱንም በሴት ትጠራዋለች። "ታደለ መጥቶ ዳንኤልን ይለካል" አለችኝ። "ሲለካ አይናገርም። አንድ ክረምት ጠየቅኩት፣ ለምን ትለካለህ አልኩት። ከጳውሎስ ጋር በአንድ ሳምንት ነው የተወለደች አለኝ። የኛም ልጅ ብትኖር ዛሬ ይሄን ታክላለች አለኝ። ልብሱን ዳንኤል ይልበስ፣ ግን ልኩ የጳውሎስ ነው አለኝ።"

ጳውሎስ። ይህንን ስም ከሰው አፍ ስሰማ ስንት ዘመኔ ነው! የበኩር ልጃችን። እናትህ ቤት ወልጄው፣ በትኩሳት ወተቴ ሲደርቅ ሎኮ ዳንኤልን በቀኝ እሱን በግራ ይዛ ያጠባችው፤ ሦስት ወር ሳይሞላው እዚያው እንሰቱ ሥር ያስቀመጥነው። ልቤ አይችለውም፣ ስሙን ቤት ውስጥ አታንሳብኝ ብዬ ለመንኩህ። እሺ አልከኝ። እሺ እንዳልከኝም ኖርክ፤ አንድ ቀን እንኳ አላነሳኸውም። እኔ ሕፃኑን እንደ ቀበርነው፣ በዚያው በጨርቅ እንደ ተጠቀለለ ትቼው ስኖር፣ አንተ ግን በየክረምቱ ስታሳድገው ኖረሃል።

እኔ ደግሞ ገመዱን ምሕረት ላይ ለክቼ፣ ከእሷ በፊት የተወለደ ነው ብዬ በጣቴ አስልቼ፣ ከእሷ በፊት የወለድነው ልጅ አንድ ብቻ መሆኑ አልታየኝም። ዲላን በሙሉ በገመድ ስለካ የራሴን ልጅ ዕድሜ በመቀነቴ ይዤ ነበር የምዞረው።

አለቀስኩ፤ ሎኮም አለቀሰች። ዳንኤል እጁን እንደ ዘረጋ ቆሞ ኖሯል፤ ማውረድ ይችል እንደሆነ ሲጠይቅ ሁለታችንም ሳቅን። ለካሁት። የአምናው ገመድ አጥሮታል፤ ሎኮ አዲስ ቃጫ አመጣችልኝ። አንተ እንዴት እንደምትቋጥር አላየሁህም ነበርና ልጁ ራሱ አሳየኝ፤ ጋሼ እዚህ ጋ ሁለቴ ነው የሚቋጥረው አለኝ። ጫፉ ላይ ከአሮጌው ገመድ የፈታሁትን የቱታህን ብጣሽ አሰርኩ። ከዚያ እንሰቱ ሥር ሄጄ ብዙ ተቀመጥኩ። እዚያ ያልኩትን አልጽፍልህም፤ ለእሱ ነው ያልኩት።

ስመለስ ኬላው ላይ ጠባቂው ሴቶቹን እያስወረደ የተደበቀ ቡና ፍለጋ ፈተሸ። ከመቀነቴ ገመዱን መዝዞ አወጣና በፀሐይ ዘርግቶ አየው፣ ቋጠሮዎቹን ቆጠራቸው። ምንድነው ይሄ፣ ምን ምልክት ነው? አለኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምላሴ ይደርቅ ነበር። የመጀመሪያ ልጄ ልክ ነው፣ ዩኒፎርም ላሰፋለት ነው አልኩት። ጠርጥሮ አየኝ፤ እኔም እንዳየኝ አየሁት። በመጨረሻ ጠቅልሎ መለሰልኝ። ይህን ብነግርህ ኖሮ ስትስቅ ወንበር ትሰብር ነበር።

ያን የክት ካኪ ሙሉ ልብስህን ለማንም አልሰጥም ብዬ ነበር። ለከድር ሰጠሁት። ፈትቶ ለዳንኤል ሰፋው፤ ኪሱን ግን እንዳለ ተወልኝ ብዬው ተወው። ይርጋጨፌ በሚሄድ ሰው እጅ ላክንለት። አሁንም ትንሽ ተቆጥቼሃለሁ፤ ያን ሁሉ ዓመት ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ብቻህን ከምታዝን ወገቤን ነካ ብታደርገኝ ምን ነበረበት? ግን እሺ ስላልከኝ ነው። ቃልህን የምትጠብቅ ሰው መሆንህን ማመን ለእኔ ቢጤዋ ተጠራጣሪ ከባድ ነው፤ አምኜሃለሁ። ዳንኤል ማደጉን እስኪያቆም ድረስ በየነሐሴው ገመዱን ይዤ ዱመርሶ የምወርደው እኔ ነኝ። ያንተንም የእሱንም ስም እዚህ ቤት ውስጥ በሹክሹክታ አልጠራም።

ዛሬ ጠዋት ልጆቹ ከመሄዳቸው በፊት አስቀምጬ ታላቅ ወንድም እንደነበራቸው ነገርኳቸው። ምሕረት እጄን ያዘች። ቃልኪዳን ግን ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋ ስታስብ ቆየችና፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ያውቃል? አለችኝ።

አባትሽ ከሄደ ጀምሮ ሳያስጠናው አይቀርም አልኳት። ታዴዬ፣ ቢሳሳትብህ እንኳ ግማሽ ጎፈሬውን እንዳትተውበት።

ባለቤትህ፣ የአራቱ ልጆችህ እናት